የወፏ ጥላ

ከሸዋ በር በላይ፣ ጉም ከሚያድርበት፣
ክኒን እሸጣለሁ፣ ሃያ ዓመት ባንድ ቤት።
ጠዋት በሬን ስከፍት ጦሳ አይታየኝም፣
ተራራው ቢሰወር ሰው አይጠፋብኝም፤
አንዱ «ራሴን» ይላል፣ አንዷ «ወገቤን»፣
አንዱ ጥርሱን ይዞ ያንኳኳል ደጄን።
ግን ሃያ ዓመት ስቆም ከዚህ መስኮት ወዲያ፣
«ጉበቴን» ያለኝ የለም፣ እስከ ሰኞ ገበያ።

ቋንቋችንም ረስቷታል፤
አንጀት ይላወሳል፣ ሆድም ይባባል፣
ልብ ሲሰበር ሰው ግጥም ያወርዳል፣
ኩላሊት እንኳ አቅሟ ዳዊት ገብታለች፣
ጉበት ከሥጋ ቤት ሚዛን መች አልፋ ታውቃለች?
መርዙንም፣ መድኃኒቱንም፣ የመጣላትን ሁሉ
ዝም ብላ ታጣራለች።
ያቃሰተች ቀን
ከግማሽ በላይዋ ሄዷል።

እንግዳው ልብስ ሰፊው፣ ማሽኑ ፒያሳ፣
ሳል ጥሎት ነበረ፣ የሳንባ ነቀርሳ።
ጠዋት በጤና ጣቢያ፣ ነርሷ እያየችው፣
ቀዩን ክኒን ይውጣል፣ እንዳዘዘችው፤
ማታ ወደ እትዬ ስንዱ ጓዳ ጎራ፣
አረቄው «ሳል ገዳይ»፣ ሁለት ሦስት ተራ።
ራሱ ሲፈልጠው፣ በማግስቱ ማልዶ፣
እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ሥራውን አስረፍዶ፦
«ሁለት ፍሬ አይበቃም፣ እሽጉን ነው እንጂ፣
ስንት ጊዜ ልምጣ? ዳገት አታስወጪ።»

ሰጠሁት።
በቀን ስንት ትውጣለህ፣ አላልኩትም።
ማታ ምን ትቀዳለህ፣ አላልኩትም።
ብሩን ተቀብዬ መልስ ቆጠርኩለት።

ጥቅምት ላይ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤
የአደይ ቢጫ አይደለም፣
ፀሐይ የመታው የቆየ ጋዜጣ ዓይነት።
ሽንቱ ሻይ መሰለ። ምግብ ከሩቅ ሸተተው።
ሰፈሩ ፈረደ፦ «ወፍ ናት! የሌሊት ወፍ
በላዩ በርራ ጥላዋን ጥላበት።»
ሥር ማሽ ተጠራ፣ ወቀጠ፣ በጠበጠ፣
እንግዳው በባዶ ሆዱ ጨልጦ ዋጠ፤
ሲነጋ መቆም አቃተው፣
በባጃጅ ጭነው ቦሩ ሜዳ አደረሱት።

እዚያ አግዳሚው ላይ ዘምዘም ተቀምጣለች፣
በርበሬ ሻጯ ዘምዘም፣ ዓይኗ እንደሱው ቢጫ።
ጠላ የተቀዳበት ጣሳ እንኳ አጥባ አታውቅም።
የሰፈር ምላስ ግን ለማን ይመለሳል?
«ደብቃ ነው» አለ፣ «ጉበት መች ይዋሻል?»

«ያንተስ ከጠርሙስ ነው» አለችው ቀስ ብላ፣
«የኔ ከየት መጣ?»
እንግዳው የጫማውን ክር አየ።
ሐኪሙ ነገራት፤ ቫይረስ ነው።
ከእናቷ ይሁን፣ ከተዋሱት ምላጭ፣
ማንም አያውቅም፤
አርባ ዓመት፣ እንደ ጎተራ ነቀዝ፣
ድምፅ ሳያሰማ ሲበላት ኖሯል።

የእንግዳውን ክኒን በሙሉ አስቆሙት፣
ጉበቱ ስትበርድ፣ አንድ በአንድ መለሱት።
አረቄውን ተወ። ለገና ዓይኑ ነጣ።
ዘምዘም ረፍዶባት ነበር፤
ሆዷ ውሃ ሞላ፣
ጥር ሳይወጣ ሄደች።

የከፈኗን አቡጀዲ ለክቶ የቆረጠው
እንግዳው ነው፤ ዋጋ አልተቀበለም።
በሳምንቱ ሦስት ልጆቿን አሰልፎ
ደማቸውን አስመረመረ።
ሁለቱ ነፃ ናቸው፣ ተከተቡ።
ትንሿ አለባት፤ ሐኪም ይከታተላታል፣
ቀጠሮዋን የሚያስታውሰው እሱ ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ፣ ክኒን ሳልቆጥር በፊት፣
«ወደ ብርሃን ዙር» እላለሁ፣ «ዓይንህን ልየው።
ሌላ ምን ትውጣለህ? ማታስ ምን ትቀዳለህ?»
«የንስሐ አባቴ ነሽ?» ይለኛል ተቆጥቶ።
አይደለሁም።
የማትናገር አለች፤ ስለሷ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ ከመሳቢያው ጥግ
ለወገቤ የምውጠውን አወጣለሁ፤
የዚህ ሳምንት ባዶ እሽግ አራት ሆኗል።
መስታወት ፊት እቆማለሁ።
መብራት ጠፍቷል፤ በሻማ
የሁሉም ሰው ዓይን ቢጫ ነው።
ነገ ጉሙ ሲነሳ
በቀን አየዋለሁ።