ሁለት ጥም

ከዚራ፣ ከባቡሩ ግቢ በስተጀርባ፣
አንድ ዛፍ አለኝ፤ አንዲት ደግሞ የውሃ አበባ።
ዛፉን የተከለው አባቴ፣ በዳሶ፣
ከፍሬን ጥገና ወጥቶ፣ ዘይታም እጁን በአሸዋ አብሶ።
ሌላ አገር የድሬዳዋ ዛፍ ይሉታል፤
እኛ ዛፍ ነው የምንለው፤ ይበቃዋል።

አበባዋ ግን የኔ አይደለችም፤
የረምላ ናት። ረምላ ጅቡቲ ገባች፣ አልተመለሰችም።
«እስክመጣ ያዝልኝ» ብላ የሰጠችኝ
አንድ ባልዲ ጭቃ ነበረ፤
ሥሩ የቱ፣ አናቱ የቱ፣ እንኳ አልነገረችኝ።

ዛፉን «ምን ልስጥህ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«አቦ፣ አታድርቀኝ» ነው የሚለው።
እሱን የሚያደርቀው ማጠጣት ነው።
በልጅነቱ ሁለት በጋ ታጠጣዋለህ፣
ግንዱን አይደለም፤ ራቅ ብለህ፣ ዙሪያውን፣ ቀስ አድርገህ፤
ከዚያ በኋላ ራሱ ያውቃል፣
ደቻቱ ከአሸዋው በታች የደበቀውን
ሥሩ በሌሊት ሄዶ ይሰርቃል።
ግንቦት ላይ፣ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያስጮኸው፣
ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ጥላ ሲሻማ፣
እሱ ብቻውን መንገድ ላይ ቆሞ ይቀላል፤
ጥማት ነው የሚያስጌጠው፤
ጥጋብ አበባ ይከለክላል።

እሷ ሌላ ናት።
ባቡሩ የጣለው የሲሚንቶ ገንዳ ነው ቤቷ፤
አንድ ስንዝር ከጎደለ ዳር ዳሩ ይከስላል ቅጠሏ።
ውሃ በላይዋ አይረጭም፤ አይናወጥም፤
ከቀይ ሸክላ ሌላ አፈር አትወድም፤
ፍግ ከሸተታት ገንዳው አረንጓዴ ይለብሳል፣
ፊትህን እንኳ አያሳይም።
ሦስት ሰዓት ላይ ትከፍታለች፤ ሰባት ሲሆን
እንደ መጋላ ነጋዴ ዘግታ ትተኛለች።
የድሬ ውሃ ኖራ ነው፣ ማንቆርቆሪያ ይመስክር፤
ገንዳው ከንፈር ላይ ነጭ ክር ይሠራል፣
በድንጋይ እፍቀዋለሁ፣ ተመልሶ ይሠራል።
ቧንቧ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት ነው፤
ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ የኔ አይደለም።

ኢፍቱ፣ የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ፣ ባትሪ ይዛ መጣች፤
«ድፋው ይሄን! ሰፈሩን በትንኝ ልትጨርሰው ነው?» አለች።
እውነቷን ነው። አምና ግማሹ ሰፈር በትኩሳት ተኝቷል።
በኮዳ አምስት ዓሣ አስመጣሁ፣ እጩን ለቀሙት፤
ተመልሳ አጎንብሳ አየችና፣
ቅጹ ላይ «ዓሣ» ብላ ጻፈች፤ ምን ትበል ሌላ?

ጣጣው ከራሳቸው መጣ።
ዛፉ ሰፋ፤ ጥላው ገንዳው ላይ ወጣ፤
ቀይ ቅጠሉን በውሃዋ ላይ አራገፈ፣ በሰበሰ፣ ገማ፤
እሷ ፀሐይ አጥታ እምቡጧን ዋጠች።
የአባቴን መጋዝ ይዤ ወጣሁ፤
አንድ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፉን ጣልኩት።
ከዚያ አዘንኩለት። የገንዳውን ዝቃጭ ውሃ፣
ዓሣ የኖረበትን፣ በባልዲ እየቀዳሁ
ግንዱ ሥር ደፋሁለት፣ ሳምንት በሳምንት።
በዓመቱ ግንቦት መጣ፤
ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ፣ እንደ ማንም ዛፍ፤
አንድ አበባ አላወጣ።

አባቴ እኔንም እንደ ዛፉ ነው ያሳደገኝ፦
ሁለት በጋ፣ ከዚያ «ራሱ ያውቃል»።
አልከፋኝም፤ እኔን ያዋጣኛል።
ግን ረምላንም እንደዚያ ወደድኳት፣
ራቅ ብዬ፣ ዙሪያዋን፣ ቀስ ብዬ፣
ሥሯ ፈልጎ ይመጣል ብዬ።
በየቀኑ ልካት የሚታይላት፣
ስንዝር ሲጎድል የሚሞላላት ነበር የምትፈልገው፤
እኔ ይህን የተማርኩት ከገንዳዋ ነው፤
እሷ ባቡር ላይ ከወጣች በኋላ።

ባለፈው ደወለች። ልጅ ያለቅስ ነበር ከኋላዋ።
«አለች ወይ?» አለችኝ። «ለሦስት ከፍያታለሁ፤
አንዷን ለኢፍቱ ሰጥቻታለሁ» አልኳት።
ዝም አለች። መስመሩ ተንሿሿ።
ማክሰኞ ነበር፤ ቧንቧው አየር ይተፋ ጀመር፣
«ውሃ መጣ» ብያት ዘጋሁት።