ወንዝ የማያሻግር

ሐሙስ ማታ ነበር። ክፍሉ የቀለምና የእርጥብ ካፖርት ሽታ አለው፤
ራዲያተሩ ያጉረመርማል፤ ነብራስካ ላይ የካቲት ነው።
እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ የሰው ቃል በዓምድ የምለካ፣
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትዛነፍ ልቤ የማይረካ።

የዊላ ጽሑፍ የፊት ገጹን ሞልቶታል፦
ከጂምናዚየሙ ሥር፣ ቦይለሩ ባለበት ምድር ቤት፣
የቧንቧው ልባስ እንደ አሮጌ ፋሻ ተተልትሎ የሚበንበት፣
አዛውንቱ ፕሮሃስካ ሃያ ስድስት ዓመት የጠረጉበት፤
አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሳል የሚጥላቸው፣
ቢሮው ግን ከአስቤስቶሱ ምርመራ አንድ ገጽ ያላሳያቸው።

ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዴንከር አነበቡት። በደቃቅ ጽሕፈት
«ለጊዜው ይቆይ» አሉበት።
በእርሳስ ነው እንጂ በቀይ አይደለም፤
ላጲስ ግን ያን ቀን ከቢሯቸው አልወጣም።

«ለጊዜው» ስንት ወር ነው? በግንቦት ለምትመረቅ ልጅ
ዘላለም ነው እንጂ።

ዊላ ደወለች። ለተማሪ ጋዜጠኛ ሕግ የሚያስረዳ
ነጻ መስመር አለ፤ ከወዲያ ጫፍ አንዲት ጠበቃ፣ ድምጿን ጉንፋን የጎዳ።
ቀድማ የጠየቀችው ስለ መብት አልነበረም፦
«ሰነዱ በእጅሽ ነው? ቀኑስ? ቢሮው መልስ እንዲሰጥ ጠይቀሻል?
‹እያወቁ ሊገድሏቸው› ያልሽውስ? ማስረጃ አለሽ?» «የለም።»
«እንግዲያው አውጪው። ሐሜት በዳኛ ፊት አይቆምም።»

ያንን ዓረፍተ ነገር እወደው ነበር።
ይጮህ ነበር።
ዊላ ሰረዘችው፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም።
(ያኔ አልገባኝም፦ አንዱ መቀስ ከፍርሃት፣ አንዱ ከእውነት፤
ሁለቱም ይቆርጣሉ፤ ቁስላቸው ግን አይመሳሰልም።)

ከዚያ ጠበቃዋ ዝም አለች፤ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ፤
«በየት በኩል ነው ከወንዙ፣ የእናንተ ከተማ?»
«በምዕራብ።»
«አዝናለሁ። በምሥራቅ፣ አዮዋ ቢሆን፣ የተማሪን ጋዜጣ የሚከልል ሕግ አለ።
በእናንተ በኩል ገና ነው።»

ሚዙሪን በመስኮት አየሁት፤ በረዶ ተሸክሞ ሲያዘግም፤
ምንም የሰማ አይመስልም።
«በሕግ አምላክ!» ቢሉት መንገደኛ ይቆማል፤
እዚህ ግን ሕጉ ራሱ ቆሟል።
ሰበብ ነበር እንጂ ወንዝ የማያሻግር፣
ሕግ ዳር ላይ ቀረ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ውሃውን ሲያማትር።

የማዶው ትምህርት ቤት ከእኛ በእግር አርባ ደቂቃ፤
አዘጋጁ ቴየር ይባላል፣ የቅርጫት ኳስ ባላንጣችን፣ ቁመቱ የመቃ።
ቅዳሜ ጠዋት በድልድዩ ወገብ ላይ ጠበቀን፤
ወሰኑ በብረቱ ላይ በቀለም የተሰመረ፤
ዊላ ፖስታውን ዘረጋች፤ ክንዷ ብቻ ተሻገረ።

ቆሞ አነበበው፤ ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቀው ይታገላል።
«የዚህ ቁጥር ምንጭ?» አለ። ነገረችው።
«ይወጣል» አለ። አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «ይወጣል።»

የእኛ ጋዜጣ ማክሰኞ ወጣ። የፊት ገጹን እኔ ነኝ ያቀናበርኩት፤
ጽሑፉ የነበረበትን ባዶ ተውኩት።
ነጭ፣ ከላይ እስከ ታች። ከግርጌው ብቻ በደቃቅ ፊደል፦
«ቀሪውን ከድልድዩ ማዶ ያንብቡ።»
ወይዘሮ ዴንከር ነጩን ብዙ አዩት። እርሳስ አነሡ።
የሚሰረዝ ቃል አጡ፤ መልሰው አስቀመጡ።

ዓርብ ከሰዓት ፕሮሃስካን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው፤
መጥረጊያውን ተደግፈው፣ የማዶው ጋዜጣ በእጃቸው።
እንደ ጀግና ያመሰግኑናል ብዬ ነበር፤ ጣታቸውን
በአንድ ቃል ላይ አሳርፈው ሳሉ፤ ቆየት ብለው
«ስሜን ሳትሳሳቱ ጻፋችሁት» አሉኝ።
«ደመወዜ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ፊደል ይጎድለዋል።»