ተባራሪ

«ተባራሪ ጥይት» አለ ዜና አንባቢው፤
ማነው ያባረረው? የታለ ጠያቂው?
ተባራሪማ እኮ እናውቃለን እኛ፦
ጓዙ በጫንቃው ላይ፣ የመንገድ መጻተኛ፣
ሲያንኳኳ እየፈራ፣ ቆሞ ከአጥሩ ዳር፣
ጥርኝ ውሃ ለምኖ አመስግኖ የሚያድር።
ይሄኛው አልለመነም፤ አላንኳኳም በር።
ገባ፣
ናርሲሳ ደረት ውስጥ ቤት ሠርቶ ቀረ።

ከጓያስ ወንዝ ማዶ፣ ዱራን ኮረብታ ላይ፣
ግድግዳው ቀርከሃ፣ ቆርቆሮው ለፀሐይ፣
ቧንቧ ረስቶናል፤ ቦቴ ያስታውሰናል።
ማክሰኞ ማክሰኞ ሲያቃስት ይመጣል፤
ባልዲ ይሰለፋል፣
ልጅ ይሰለፋል፣ ውሻም ይሰለፋል።

ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው፣
ናርሲሳ መስኮት ሥር፣ የልጄን ጉርድ ይዛው፣
መርፌ በከንፈሯ፣ ጫፉን ስትቀመቅመው፣

ሁለት ልጆች መጡ፣ በአንድ ሞተር ብስክሌት።
የፈለጉት ዬርሰንን ነበር፣ የጥጉን ሻጭ፤
ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም።
ሮጠ። ከሰማያዊው ሮቶ ጀርባ ተወሸቀ።
አሥራ አንድ ጊዜ ተኮሱ።
ቆጠርኩ። ምን ሊረባኝ እንደሁ እንጃ፣ ቆጠርኩ።
አንዱ ሮቶውን በሳ፣ ቀርከሃውን በሳ፤
መርፌ እንኳ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይወጣም።

ዬርሰን አለ። ትናንት ከሱቅ ዳቦ ገዛ፤
መልሱን ሳይቀበል ወጣ።

አሁን የምለውን ለሚስቴም አልነገርኩ፦
ሮቶው ሲያፈስስ አንዲት ሴት ባልዲዋን አስጠጋች፣
ቀስ ብላ፣ እግሯን እየጎተተች፤
ሌላዋ ጀሪካን። እኔም ድስት ይዤ መጣሁ።
ውሃ ነዋ! በርሜሉ የቀን ምሳ ነዋ!
እሷ ከግድግዳው ወዲያ እየፈሰሰች
እኛ ከወዲህ የሚፈሰውን ቀዳን።

ፖሊሱ መጣ፤ «ንክኪ ነበራት?» አለኝ።
ነበራት እንጂ፤ ከክር ጋር፣ ከአዝራር ጋር፣
ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወገብ ጋር።
የዬርሰንንም ሱሪ ስታሳጥር አይቻለሁ፤
ያኔ አሥር ዓመቱ ነው፣ ሱሪው የወንድሙ፤
ቆሞ አልለካ ብሎ ሲያስቃት።
«ይህንን ጻፈው» አልኩት።
እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

እኔ ወደብ ነው ሥራዬ። ሙዝ ጫኝ ነኝ።
ሃያ ዓመት ሳጥን በዚህ ትከሻ።
አንዳንዱ ሳጥን ይከብዳል፤ ሙዝ እንዲያ አይከብድም።
ጎንበስ አልኩና ጫንኩት፤
አንድም ቀን «ምንድን ነው?» አላልኩም።
ከባሕሩ ማዶ የማላውቀው ሰው
በአፍንጫው ወደ ውስጥ ይስበዋል፤
እዚህ ናርሲሳ ትንፋሽ ያጥራታል።
ማነው ያባረረው? ብዬ ነበር ቅድም።
ቀስ ብዬ ነው የጠየቅኩት፣
ትከሻዬ እንዳይሰማ።

ጓያስ ግራ ወንዝ ነው፤ ጠዋት ቁልቁል ይሄዳል፣
ማታ ባሕር ሲሞላ ሽቅብ ይመለሳል፤
ይዞት የወረደውን እንቦጭ እንኳ ያመጣል።
እናቷ ድልድዩ ሥር ተቀምጣ ታየዋለች፤
«ይሄ እንኳ» ትላለች፣ «ይሄ እንኳ» ትላለች።

ሮቶውን በላስቲክ አቅልጠን ደፈንነው።
ሌሊት፣ ውሻው ሲተኛ፣ ጠብ ይላል።

ጉርዱ ስንዝር ያህል ሳይቀመቀም ቀርቷል።
ልጄ እንደዚያው ለብሳው ሄደች፣
ክሩ ጉልበቷ ላይ እየተወዛወዘ።
መምህርቷ ደብተሯ ላይ በቀይ ጻፈች፦
«ዩኒፎርሙ ይስተካከል።»
ሚስቴ መርፌ አነሳች።
ልጄ ጉርዱን በሁለት እጇ ይዛ
ወደ ግድግዳው ሸሸች፤
«ተይው» አለች፣ «ናርሲሳ አልጨረሰችም።»