ከቅጹ ጀርባ

ይድረስ ለፌዴሬሽኑ፣ ሊዝበን ላለው ቢሮ፤
የላካችሁት ቅጽ ደርሶናል ዘንድሮ።
«ውጤት» ለሚለው ዓምድ ሦስት መስመር ሰጥታችሁ፣
አልበቃኝ ስላለ በጀርባው ጻፍኩላችሁ።

ዜፈሪኖ እባላለሁ፤ ቀን ዓሣ እመዝናለሁ፣
ሲመሽ እዚያው ወለል ላይ ሮለር ሆኪ አስተምራለሁ።
በግራሲዮዛ ደሴት ሌላ ልሙጥ መሬት የለም፣
ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎማ አይስማማም።
ገበያው ሲበተን ሲሚንቶውን አጥበን፣
ቅርፊቱን ጠራርገን፣ በኖራ አስምረን፣
ሁለት የዓሣ ሣጥን ለግብ አቁመን፣
ሜዳ አለን እንላለን።

ስጦታችሁ የመጣ ዕለት ባሕሩ ተቆጥቶ፣
መርከቡ ከወደብ ሁለት ቀን ርቆ ቆይቶ፣
በሦስተኛው ንጋት ክሬኑ ሲያወርደው
እሳት የተነሣ ይመስል መንደሩ ነው የወረደው።
ሃያ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ከሥሩ ባለ ጎማ፣
ሌላ ልጅ ያደገበት፣ ያረጀ ግን የጸና ጫማ።
ከምላሱ ሥር ስም አለ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ፦
«ቫስኮ» ተሰርዞ «ሊዲያ»፣ እሱም ተሰርዞ ያለፈ።
ኦዲሊያ ሦስተኛ ሆና ስሟን ከሥር አሰፈረች፣
«ለሚመጣው ልጅ» ብላ ትንሽ ቦታ አስቀረች።

አንደኛው ጥንድ ግን ሁለቱም ግራ ነበሩ
(እባካችሁ ስትልኩ እያያችሁ ቁጠሩ)።
እኛ ግራ ሲገባን ጃሲንቶ ምንም አልገባው፤
አጠለቃቸውና ወደ ግራ ብቻ ዞረው።

ጥቅምት ላይ የላካችኋቸው ወይዘሮ ፊሎሜና
ሜትራቸውን ዘርግተው፣ ለክተው እንደገና፣
«ደረጃውን አያሟላም» ብለው ሲጽፉ ቆመው
አንዲት የዓሣ ቅርፊት አንሸራትታ ጣለቻቸው።
ስምንት ትንንሽ እጅ እኩል ተዘረጋ።
አልተቆጡም። ሳቁ።
ጫማ ፈልገን አሰርንላቸው፤
የልጆቹን ትከሻ ይዘው
ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሩ።
ሪፖርታቸው ምን እንዳለ አላየሁም፤
ጥር ላይ ግን የራስ ቁር ተላከልን፣ ሃያ ሦስት፣
አንዱ በአዋቂ ልክ።

እንግዲህ ወደ ውጤት፦
በፋሲካ ሰሞን ተርሴይራ ተሻግረን
አሥራ አራት ለአንድ ተሸንፈን መጣን።
ያቺን አንዷን ጻፉ። ጃሲንቶ ነው ያገባው፣
ወደ ግራ ዞሮ፣ በረኛው በቀኝ ሲጠብቀው።

ኩሽኔታውን ሁሉ ጨው በልቶት ዝጓል፤
ቢያንስ አርባ ያህል ቢላክልን ይሻላል።

ሌላው በቅጽ አይጻፍም።
ጠዋት ሚዛኔን ስሰቅል የኖራው መስመር አልጠፋም፤
ዓሣ ሊገዙ የመጡት ሴቶች
ዘንቢል ይዘው፣ ሳያውቁት፣
የቅጣት ክልሉ ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቁኛል።