የልክ ደብተር

መኪና ግርግር ላይ ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ፤
የስንቱን ትከሻ በሜትሬ ለካሁ።
ፊት እረሳለሁ እንጂ ወገብ አልረሳም፤
ባለቤቱ ቢከሳ፣ ደብተሬ አይከሳም።

ይኸው ያህያ ሙሜ፤ ወገብ ሃያ ስምንት።
(በእርሳስ ነው የጻፍኩት፣ ደብዝዟል በዕድሜ ብዛት።)
መምህር ነበር ያኔ፤
በሱ ጣት ጠመኔ፣ በኔ ጣት ጠመኔ።
«ነገ ስብሰባ አለ፣ በውሃው ጉዳይ ላይ፤
በሹራብ ብነሳ ሰው ይሰማኛል ወይ?
ስፋልኝ በዱቤ።»
ግራጫ ሰፋሁለት፣ ትከሻውን ለቀቅ አድርጌ፣
«ይሞላል» ብዬ በልቤ።
ከቁጥሩ ሥር ጻፍኩ፦ ቀሪ አርባ ብር።

በነጋታው ተነሳ።
«ጀሪካን ቦኖ ሥር ተራ ይዞ ሲያድር
እኛ በምን ዓይናችን እንተኛለን?» አለ።
አዳራሹ ቀለጠ። የኔም እጅ ጋለ፤
እውነቱን ልናገር ግን፣ ያየሁት ኮቱን ነው፤
ጀርባው ላይ አልተሸበሸበም።

ወገብ ሠላሳ፤ የቀበሌ ሊቀመንበር።
ሠላሳ ሦስት፤ ምክትል።
«ምሳው በዛ፣ ሐጂ፣ ምን ይደረግ» ይለኝ ነበር።
ሠላሳ ስድስት፤ የቢሮ ኃላፊ። ራሱ አልመጣም፤
«እንደ በፊቱ» የሚል ቃል ይዞ ሾፌሩ ገባ፣ ቁጭም አላለም።
እንደ በፊቱ ሰፋሁ፤ ቁልፉ ከቀዳዳው ተኳረፈ፤
ኮቱ ተመለሰ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይነሳ አለፈ።

ሚኒስትር ሆኖ ሲጠራ ግን ራሱ መጣ፣ ማታ፣
መብራት በጠፋበት፤
በሻማ ለካሁት፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ሲንገላታ።
አርባ ሰባት ሰፊ ፈርመን ነበር፣ ያልተማረው በአውራ ጣት፤
ውሃና መብራት፣ ሌላ ምንም የለበት።
ከገበሩ ውስጥ ሌላ ኪስ ሰፋሁ፣ ከልቡ በላይ፤
«እዚህ ነው» አልኩት፣ «ይቆረቁርሃል ወንበር ላይ።»
ሳቀ። «ይቆርቁረኝ» አለ።

ከዚያ በቴሌቪዥን ነው። ሪባን ሲቆርጥ አየሁት፤
የመቀስ አያያዙን፣ አላህ ያውቃል፣ አፈርኩበት።
ሱፉ የፈረንጅ፣ ስፌቱ የማላውቀው፤
ወገቡን በግምት ጻፍኩ፦ አርባ።
ሜትሬ እዚያ አይደርስ፣ ምን ላድርገው።
እዚህ ቧንቧ ተቀበረ። አንድ ሌሊት ሲያስል ሰማን፤
ባልዲ ይዘን ወጣን ሁላችን።
አየር ነበር።

አንድ ማታ ዜናው፣ በአንድ ትንፋሽ፦ «ከኃላፊነታቸው ተነስተዋል።»
ለምን? አላሉም።
ቀጥሎ፦ «ምሥራቁ ደረቅ ሆኖ ይውላል።»

በዒድ ሰሞን መጣ፣ በሸዋ በር፣ በእግሩ፤
ኮቱ በፌስታል። «አጥብብልኝ»፤ ይኸው ነበር ነገሩ።
ለካሁት፤ ሠላሳ አንድ። «ስኳር ነው» አለኝ።
ገበሩን ስፈታ ወረቀታችን አገኘኝ።
መልስ የለበትም፣ ማኅተም የለበትም። ማጠፊያው ግን አልቋል፤
መቶ ጊዜ ተከፍቶ መቶ ጊዜ ታጥፏል፤
የስንቱ አውራ ጣት በላብ ደብዝዟል።
ያላነበበው ቢሆን
ምን ብዬ እንደምሰድበው አውቅ ነበር።

«ስንት ነው?» አለ።
ደብተሩን ገለጥኩ፤ የዛሬው፣ ከዚያም ቀሪ አርባ ብር።
ሁለቱንም ከፈለ። ቀሪውን ሰረዝኩ።
ወረቀቱን ቦታው መልሼ ሰፋሁት፤ እሱን ሳልጠይቅ ሰፋሁ፣ ዝም አልኩ።
ሲወጣ የጀሪካን ሰልፍ ደጁን ዘግቶ ቆመ፤
«ይቅርታ» አለ፣ ለማን እንደሆነ አልገባኝም፤
በጎን ዞረና ቁልቁል አዘገመ።
ጀርባው ላይ አልተሸበሸበም።