ደረሰኝ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ቤት በቤት ጫንቃ ላይ ቆሞ
ወደቡን በሚያይበት፣ ቆርቆሮውን አጋድሞ፣
ገደሉን በሐዲድ የሚወጣ የእንጨት ሳጥን አለ፣
በብረት ገመድ የሚጎተት፣ ዕድሜው ከመቶ የዘለለ።
አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል፤ ሚዛን ነው ነገሩ፤
ሰባ ሁለት ሴኮንድ ነው፣ ከባሕሩ እስከ ሰፈሩ።
ሰባ ሁለት ያልኩት እኔ ቆጥሬ አይደለም፤
ከወንድሜ ከባልታሳር በቀር ይህን የሚቆጥር የለም።

አሥራ አራት ዓመቱ ነው።
አስተማሪው አንድ ቀን «ጆሮህን ስጠኝ» ቢለው
በሁለት መዳፉ ይዞ ጆሮውን ከለለው።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስሰማ እኔም ሳቅሁ፤
እህቱ ነኝ፣ ግን ያን ቀን እህትነት አላወቅሁ።

ሰሙን ነው የሚሰማው፤ ወርቁን ተዉት ለሌላ፤
ቃል ለሱ ቃል ነው እንጂ፣ ጓዳ የለው ከኋላ።
ሐኪሞቹ «ኦቲዝም» ብለው ጽፈው ሰጡን፤
ስሙን አወቅነው እንጂ አላወቅነውም ልጁን።
እኔ አገጩን ይዤ «እየኝ!» እለው ነበር፣
ማጠፊያው እንደ ዛገ፣ በግድ እንደሚከፈት በር።

ላይኛው ጣቢያ ደግሞ፣ ከሞተሩ አጠገብ
ዶኛ ኤዱቪሂስ አለች፣ ፊቷ የማይነበብ፤
ቃል ቆጣቢ መበለት፣ ጥፍሯ በግራሶ የጠቆረ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬኑ በእጇ የኖረ።

ባልታሳር በሩ ላይ ቆሞ ገመዱን ሲያዳምጥ
አየችው። አልጠየቀች። አላለችው «ና ተቀመጥ»።
ወንበር ብቻ ገፋች፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ።
ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ጎን ለጎን መኖሩ
እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው፣
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።

«ሁለት ደቂቃ ቆይ» ካለች፣ ሁለት ደቂቃ ነው፤
ሦስት ከሆነ፣ ለሦስተኛዋ ይቅርታ ጠይቃ ነው።
ቅዳሜ ጥገና ካለ፣ ረቡዕ ትነግረዋለች፤
የሚጮኸውን መጋዝ ሳይጮኽ ታሳየዋለች።
መዝገብ ሰጠችው፣ ጉዞና ነፋስ የሚጽፍበት፤
ሲስት «ስተሃል»፣ ሲያርም «ልክ ነው»፤ ጭብጨባ የሌለበት።

የነሐሴ ሐሙስ ነበር። ጭጋጉ ወደቡን ውጦታል።
ባልታሳር ተነሣና «ገመዱ ሌላ ነው» አለ፤
«ምን ይላል?»
«ሌላ።» ከዚያ ወዲያ ቃል አልታከለ።
እሷ አልሰማችም። እዚያው ነበርኩ፣ እኔም አልሰማሁም፤
ሞተሩ እንደ ወትሮው ነው፤ የሚያስደነግጥ የለውም።

ፍሬኑን ሳበችው።

አሥራ አንድ ሰው ገደሉ ወገብ ላይ ቆሞ ሲሳደብ፣
ዓሣ ሻጯ ቅርጫቷን አቅፋ ስትጸልይ ከልብ፣
መሐንዲሱ ባትሪ ይዞ መጣና ፈተሸ፤
ክር በክር፣ ጥርስ በጥርስ፣ ቀኑ እስከ መሸ።

ምንም።

ተረት ቢሆን፣ አንድ ክር ተገኝቶ ሊበጠስ፣
ወንድሜ ጀግና ተብሎ አበባ ሲነሰነስ!
ምንም የለም አሉ። የአንድ ቀን ደመወዟን ቆረጡባት፤
እስከ ገበያው ድረስ ሰፈሩ ሳቀባት።

ማታ ደረጃው ላይ፣ ጫማዋን እያየ፦
«ተሳስቻለሁ። ለምን አቆምሽ?»
«አዎ፣ ተሳስተሃል። ያቆምኩት ስላልከኝ ነው፤
ሳትሰማ እንደማትናገር መዝገቡ ምስክሬ ነው።
ነገም ካልክ፣ ነገም አቆማለሁ» አለችና
የሻይዋን አተላ ደፋች።

በማግስቱ፣ የአንድ ቀን ደመወዝ ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ
ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ፣ በየመጠኑ ደርድሮ።
እኔ ብሆን «ኧረ ተው!» ብዬ መልሼ በሰጠሁት፤
ደግነት መስሎኝ፣ የደረደረውን በበተንኩት።
እሷ ቆጠረች። ሁለቴ። አንዷ ትርፍ ነበረች፤ መለሰች።
ከመዝገቡ ጫፍ ላይ ብጫቂ ወረቀት ቀደደች፣
አንድ ቃል ጻፈች፤ ፈረመች፦

«ደረሰኝ።»

ገንዘቡን ይሁን ልጁን፣ አልጠየቅኋትም እኔ።
እሱ አራት ቦታ አጥፎ ከኪሱ ከተተው።

የማለዳው ሳጥን ተነሣ። እኔም ቆጠርኩ በልቤ፤
«ሰባ አራት» አልኩት፣ ሲደርስ፣ ወደ ጎኑ ቀርቤ።
«ስተሻል» አለኝ።