አርባ ሦስተኛው ጥያቄ

ስምንት ሆነን ወረድን ከዩኒቨርሲቲው መኪና፣
ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ሰማዩ ሳይጠራ ገና።
በሰቃ መንገድ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ጫማ የሚቀማ ጭቃ ግን፣ እንደዚያ ያለ የለም።

ከብብቴ ሥር ፎርሙ፣ በላስቲክ የታሸገ፣
መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ ቢሮ ተቀምጦ ያደገ፦
«ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሽንት ቤት አላችሁ ወይ?
ስንት ነፍስ ነው ቤቱ? ከብቱስ ያድራል አንድ ላይ?»

ሸምሲያ ከደጃፏ ባለ ሦስት እግር በርጩማ
ጎትታ አስቀመጠችኝ፤ ቀኝ እግሬን አየች፣ ያለ ጫማ።
ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍ፤ ፉአድ ነበር አፌ፤
እሱ ባይኖር አንገቴን ደፍቼ በሄድኩ አልፌ።

እስከ አርባ ሁለት መለሰችልኝ፣
ግብር እንደሚከፍል ሰው፣ ሳትጨምር ሳታጎድል።
አርባ ሦስት ላይ «ሽንት ቤቱን ማየት ይቻላል?» ብል
ከጉያዋ ቁልፍ አወጣች።

የቆርቆሮው በር ተከፈተ። ውስጡ በቆሎ ሞልቷል፣
እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሮ ደርቋል።
«ይሄ የተማሪዎች ነው» አለች፤ «የእነዚያ፣ አምና የመጡት፣
ቆፍሩ ብለው አስቆፍረው፣ ፎቶ አንሥተው የሄዱት።
አይጥ አይደርስበትም፤ ጣሪያውም አያፈስም፤
እንዲህ ያለ ጎተራ ከአባቴም አልወረስኩም።»

ፉአድ ሳቀ። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ፤
ሳጥኑ ሁለት ብቻ ነው፣ ሦስተኛ ፈልጌ አጣሁ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ።
የአምናው መልሴ የት ደረሰ?
ልጄ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ፣ ከምንጩ ነው ብዬ ነግሬ ነበር።
ጽፈው ወሰዱት። ወዴት ወሰዱት?»

ይህ ፎርሙ ላይ የለም።

ሰኞ ግቢ ተመልሼ፣ ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ
ጥቁር ጥራዝ አወጣሁ፣ የአቧራ ማደሪያ።
ገጽ ሠላሳ ስድስት፦ «ዘጠና አንድ በመቶው ሽንት ቤት አለው»፤
በቆሎዋ ነው በመቶኛ የተሰላው፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» ያስባለው።
ገጽ ሃምሳ፦ «ምንጩ የተጠበቀ ነው።»
አራት ነጥብ። ምን ይከብዳል፣ አራት ነጥብ ማድረግ!

ጥራዙን በላስቲክ ጠቅልዬ ቅዳሜ ይዤው ወጣሁ፤
ዕድሩ ሲሰበሰብ ከዋንዛው ሥር ተቀመጥሁ።
ፉአድ እየተረጎመ፣ መስመር በመስመር።
አባ ዲኮ እጃቸውን አነሡ፦ «እሱ ውሸት ነው፤
አጥሩ በሰኔ ወድቋል፣ ከብት እየገባ ይጠጣል። ጻፍ።»
ነጂባ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣
«ትል የተገኘባቸው አሥራ አንድ ሕፃናት ናቸው፤ ስማቸውን ልጥራ» አለች።
ሸምሲያ ፊደል አልቆጠረችም፤ «አርባ ሦስት የቱ ጋ ነው?» ብላ ጣቷን አስቀመጠች።
«እዚህ ላይ በቆሎ በል። በእኔ ስም ሰው አይዋሽ።»
ጻፍኩ፣ በቀይ፣ በኅዳጉ ላይ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፤
አራት ዓመት ሙሉ እኔን ነበር ቀይ ቀለም የሚያርመኝ።

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ ብረት የሚበይደው ናዚፍ
የምንጩን ክዳን በሁለት ቀን ጨረሰ፣ ሳያርፍ።
«ሂሳቡስ?» ብንለው፣ «እናቴ ከዚያ ነው የምትቀዳው» አለ፣ አበቃ።
ጎረምሶቹ ድንጋይ፣ እኛ ስሚንቶ ተሸከምን።
አባ ዲኮ ሥራችንን አይተው፣ «ዲግሪ ለዚህ ነው?» ብለው የቀኙን አፍርሰው ካቡ፤
የእሳቸው ቆሟል። የግራውን፣ የእኛን፣ ሰበረው ዝናቡ።

በአዳራሹ፣ በፈተናው ቀን፣ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፦
«አምና ዘጠና አንድ፣ ዘንድሮ ሠላሳ አራት። ምን ወደቀ?» ብለው ጠየቁ።
«ምንም አልወደቀም» አልኩ። «በሩ ተከፈተ።»
ምን ውጤት እንደሰጡኝ እዚህ አልናገርም።

የመጨረሻው ቀን መኪናው ጥሩምባ እየነፋ
ሸምሲያ መጣች፤ በፌስታል አንድ እግር ጫማ ይዛ፣
የእኔን፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ አጣሞት።
አንድ ነገር ተናገረች፤ ፉአድ ትንሽ አሰበና፦
«ጭቃ እንኳ የወሰደውን ይመልሳል፣ ነው የምትለው።»

ልሞክረው ብል እግሬን አላስገባ አለ።
ይዤው ወጣሁ።